«ክፍል ውስጥ የሚተኛው ልጅ ሰነፍ ነው ወይስ ታሟል?»፦ ስለ አንድ የጓቲማላ ተማሪ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በአንድ ሃይስኩል ረዳት መምህርት ነኝ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ላቲኖ፣ ማለትም ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ ናቸው። የምጠይቅዎ ስለ አንዱ ነው። ዕድሜው 16 ሲሆን ከጓቲማላ ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም። የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ እሷ ግን ወደዚህ የመጣችው እሱ የስድስት ዓመት ልጅ እያለ ነበር። ማታ ማታ ቢሮ ያጸዳል። ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ይቀራል፤ ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ከማንም ጋር አያወራም። እናቱ ለስብሰባ ተጠርታ አንድም ቀን መጥታ አታውቅም። ባልደረባዬ ‹ለትምህርት አልተፈጠረም፣ ወጥቶ የሃይስኩል ዲፕሎማን የሚተካውን ጂኢዲ ቢፈተን ይሻለዋል› ትላለች። እኔ ልጅ ያሳደግሁ ነኝና አንጀቴ አልቻለም። ስንፍና ነው ወይስ ድብርት? እንደ እናት ልምከረው? ቤተ ክርስቲያን ይዤው ልሂድ? ባለፈው ሳምንት ደግሞ ‹እኔ ባልኖር ለሁሉም ይቀል ነበር› አለኝ። የምለው ጠፋኝ።»

መልስ፦ የምጀምረው ከጥያቄዎ የመጨረሻ መስመር ነው፤ ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል፣ እሱ ግን አይቆይም። «ባልኖር ለሁሉም ይቀል ነበር» ያለ ልጅ ስለ ሞት እያሰበ ሊሆን ይችላል፤ ከተናገረ ደግሞ ሳምንት አልፎታል። ይህን እንዳነበቡ ለትምህርት ቤቱ ካውንስለር ወይም ሳይኮሎጂስት በቃልም በጽሑፍም ያሳውቁ። ያለውን ቃል ሳያለዝቡ እንዳለ ይጻፉት፣ የተናገረበትንም ቀን ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ አደጋውን መመዘን ለዚህ የሠለጠነው ሰው ሥራ ነው፤ ምዘናው የሚደረገው ግን በዚያው ቀን መሆን አለበት። ለልጁ «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡለት። ገብተው ከሆነም ያፍርሱት፤ ለምን እንዳፈረሱትም ራስዎ ይንገሩት።

ብዙ ወገኖቻችን «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ በልጁ አእምሮ ውስጥ የሚዘራ ይመስላቸዋል። አይዘራም። በግልጽ የተጠየቀ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሸክሙ ቀለል ይለዋል። እንደገና ለእርስዎ ቢናገርና በአቅራቢያ ባለሙያ ባይኖር በቀጥታ ይጠይቁት፤ አዎ ካለም ሰው እስኪመጣ ድረስ ብቻውን አይተዉት። 988 የተባለው፣ ራሳቸውን ስለ ማጥፋት ለሚያስቡና ለተጨነቁ ሰዎች የቆመ የስልክ መስመር እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ደውለው 2 ቁጥርን ሲጫኑ በስፓኒሽ የሚያናግር ሰው ያገኛሉ። ካውንስለሩ ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት እንዲቆለፍ፣ የጦር መሣሪያ ካለም ከቤት እንዲወጣ ያሳስብ። ይህን የመሰለ ሐሳብ በድንገት በርትቶ መጥቶ በሰዓታት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል፤ በእነዚያ ሰዓታት የሚያጠፋ ነገር በእጁ አለመኖሩ ብዙ ልጆችን አትርፏል።

የተናገረው ነገር እርስዎን አስደንግጦዎት ይሆናል፤ በዚህ አገር ግን ብርቅ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2021 የሃይስኩል ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያህል የዘወትር ነገራቸውን እስኪያስተዋቸው ድረስ ኀዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ እንደተጫናቸው የተናገሩት 42 በመቶ ናቸው፤ ከላቲኖዎቹ መካከል ደግሞ 46 በመቶ። ከእነዚህ ላቲኖ ወጣቶች አብዛኞቹ እንደ እርስዎ ተማሪ ድንበር አቋርጠው የመጡ አይደሉም። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ከሆኑት ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት እዚሁ የተወለዱ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ስለዚህ የዚህን ልጅ ታሪክ ለሁሉም ላቲኖ ተማሪዎችዎ መለኪያ አያድርጉት። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ እንግሊዝኛ ብቻ የምትናገር፣ የእሷ ጭንቀት ፈጽሞ ሌላ የሆነ ልትሆን ትችላለች።

አሁን ወደ «ስንፍና» እንምጣ። የልጁን አንድ ቀን በወረቀት ላይ አስፍረው ይዩት። ትምህርት ከተፈታ በኋላ ጥቂት አረፍ ብሎ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ይገባል፤ ፀሐይ ሳትወጣ ለአውቶቡስ ይነሳል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት መተኛት ይገባዋል፤ እሱ ግማሹንም አያገኝም። በየሌሊቱ እንዲህ የሚነቃ አዋቂ ሰውም ቢሆን ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፣ ይነጫነጫል፣ የተነገረው አይገባውም። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ልጅ ሰነፍ ማለት ስህተት ነው። እንቅልፉ ሳይታይ «የድብርት ሕመም ነው» ብሎ መደምደምም እንዲሁ ጥድፊያ ነው። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ የእኔም ግምት እንደዚያ ነው። ድብርት በወጣቶች ላይ እንደ አዋቂ በለቅሶ ብቻ አይገለጥም። ቁጣ ሆኖ፣ ዝምታ ሆኖ፣ ይልቁንም የራስና የሆድ ሕመም ሆኖ ይመጣል። ስለ ስሜት ማውራት ባልተለመደበት ቤት ያደገ ልጅ የሚናገርለት ሰውነቱ ነው። ሕመሙ የውሸት እንዳይመስልዎ፤ ሐኪም ይየው። ደም ማነስና ዓይን ጭምር ይመርመር፤ ሰሌዳው ስለማይታየው ብቻ ራሱን የሚያመው ልጅም አለ።

«ሥራውን ይተው» የሚለው ምክር ከአፍ ቢወጣም ብዙ ጊዜ ከቤቱ ደጃፍ አያልፍም፤ ምክንያቱን አገር ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል። ከጓቲማላ ደጋማ ቀበሌዎች የሚነሳ ልጅ ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው በወለድ የተበደረ ነው፤ መያዣው የቤተሰቡ ቤት ወይም መሬት ነው። ዕዳው ሳይከፈል ቢቀር መሬቱ ላይ ያሉት አያቶች ከቤታቸው ይወጣሉ። እንግዲህ ይህ ልጅ ማታ መጥረጊያ የሚይዘው ጫማ ለመግዛት ላይሆን ይችላል። የሚቻለው ሥራውን ማሳነስና ሰዓቱን ማዛወር ነው፤ ከሌሊት ወደ ቅዳሜና እሑድ፣ ከአምስት ቀን ወደ ሁለት። ሕጉም ያግዛችኋል። በሜሪላንድ የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ ትምህርቱና ሥራው ተደምሮ በቀን ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ በየ24 ሰዓቱም ስምንት ተከታታይ ሰዓት ከሁለቱም ነፃ መሆን አለበት። ዕድሜው 18 ላልሞላው የሥራ ፈቃድም ያስፈልጋል፤ እንደ ጣሪያ ሥራና የሥጋ መቁረጫ ማሽን ያሉ አደገኛ ሥራዎች ደግሞ በፌዴራል ሕግ ተከልክለዋል። ይህን ግን ለአሠሪው በመደወል አይጀምሩት። ልጁ በማግስቱ ሥራ አጥቶ ከዚያ የባሰ ቦታ ሊገባ ይችላል። መጀመሪያ ከእሱና ከእናቱ ጋር ይነጋገሩ።

ከሁሉም በላይ እንዲያስቡበት የምፈልገው ግን የእናትና የልጁን ነገር ነው። ስድስት ዓመት ሲሆነው ተለያዩ፣ አሥራ አራት ሲሆነው ተገናኙ። በመካከሉ ያሳደገችው ምናልባት አያቱ ናት፤ «እማ» ብሎ የጠራትም እሷን ነው። እናቱ ለእሱ ስልክ ውስጥ ያለች ድምፅ፣ በየወሩ የምትመጣ ገንዘብ ነበረች። ቤሩት ወይም ጅዳ ወርደው ልጃቸውን ለእናታቸው ጥለው የሠሩ የእኛ እህቶች ይህንን ከማንም በተሻለ ያውቁታል። ሰዎች መገናኘቱን የኀዘኑ መጨረሻ አድርገው ያያሉ፤ ለልጁ ግን ሁለተኛው መለያየት ነው፤ ከአያቱ ተለየ። እሷ በስተርጅና ብቻዋን ቀርታለች፤ ብትሞትም ለቀብሯ መሄድ አይችልም። እዚህ ሲደርስ ደግሞ የማያውቃት እናት፣ ምናልባትም የእንጀራ አባትና በእንግሊዝኛ የምታወራ ትንሽ እህት ጠበቁት። እናትየው በልቧ የያዘችው የስድስት ዓመቱን ሕፃን ነው፤ ደጇ ላይ የቆመው ጢም ማብቀል የጀመረ ጎረምሳ ነው። ለእሱ ስትል ዓመታት ሙሉ ያልተኛች ሴት ምስጋና ትጠብቃለች፤ እሱ ደግሞ «ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ?» የሚለውን ጥያቄ አፍኖ ይዟል። ሁለቱም ይዋደዳሉ፤ መነጋገሪያው ግን የላቸውም። «ባልኖር ለሁሉም ይቀል ነበር» የሚለው ቃል ከዚህ ቤት ሲወጣ ራስን እንደ ዕዳ መቁጠር ሊሆን ይችላል። እኔ ለእነዚህ ልጆች የምመክረው ከብቻ ምክክር ባሻገር እናትና ልጅ አንድ ላይ የሚቀመጡበት፣ ያ የታፈነው ጥያቄ በሠለጠነ ሰው ፊት ተጠይቆ የሚመለስበት ጥቂት ቀጠሮ ነው። በጌትስበርግ የሚገኘው አይደንቲቲ ከ1998 ጀምሮ በካውንቲያችሁ ላሉ ላቲኖ ወጣቶችና ወላጆች የሚሠራ ድርጅት ነው። በ1988 የተመሠረተው ሜሪስ ሴንተርም በዋሽንግተንና በሜሪላንድ ሕክምናና ምክር ይሰጣል፤ መድን የሌለውን ሰው አይመልስም።

ስለ ዝምታው ሌላም ልጠይቅዎ፦ የአፍ መፍቻ ቋንቋው በእርግጥ ስፓኒሽ ነው? ከጓቲማላ ሁዌሁዌቴናንጎና አካባቢው የሚመጡ ብዙ ልጆች ቤት ውስጥ የሚናገሩት ማም፣ ቃንጆባል ወይም ኪቼ የተባሉትን የማያ ቋንቋዎች ነው። ስፓኒሽ የተማሩት በትምህርት ቤት ነው፤ በእሱም የተነቀፉበት፣ «ኢንዲዮ» ተብለው የተሰደቡበት አለ። ከኢትዮጵያ የመጣን ሰው ሁሉ አማርኛ ተናጋሪ ነው ብሎ መገመት ምን እንደሚያስቀር እናውቃለን። እዚህም የስፓኒሽ አስተርጓሚ አስቀምጦ «ገብቶታል» ማለት ይኸው ነው። በግል፣ ሰው በሌለበት ይጠይቁት። እንግሊዝኛውንም በተመለከተ፣ ኮሪደር ላይ የሚወራው በሁለት ዓመት ገደማ ይለመዳል፤ የባዮሎጂና የታሪክ መጽሐፍ የሚነበብበት ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። በልጅነቱ ትምህርት አቋርጦ ከነበረ ከዚያም ይረዝማል። ከዚህ ተነስቶ «የመማር ችግር አለበት» ብሎ ወደ ልዩ ፍላጎት ክፍል መላክ ስህተት ነው፤ ጥርጣሬ ካለ ምዘናው በራሱ ቋንቋ ይደረግ፣ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው።

እናቱ ስለማትመጣ ግድ የላትም አይበሉ። ስብሰባው የተጠራው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ደብዳቤው በምን ቋንቋ ተጻፈ? ማንበብስ ትችላለች? በሁለት ፈረቃ የምትሠራ ሴት ከሰዓት በኋላ መምጣት ማለት የዚያን ቀን ደመወዝ ማጣት ነው። በዚያ ላይ ፍርሃቱ አለ። የኢሚግሬሽን ፖሊስ በትምህርት ቤቶችና በቤተ እምነቶች አካባቢ ሰው እንዳይዝ የሚገድበው መመሪያ ከጥር 2025 ጀምሮ ስለተሻረ፣ ወረቀት የሌላቸው ወላጆች የትምህርት ቤት በር ማለፍ ያስጨንቃቸዋል። ደብዳቤውን ይተዉትና ስልክ ይደወልላት፤ በምሽት ወይም በእሑድ ቀን፣ በካውንቲው አስተርጓሚ አማካይነት። ወላጅ በሚገባው ቋንቋ መረጃ እንዲያገኝ ማድረግ ከ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ የሚመነጭ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ልጁን ራሱን ወይም ታናሽ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጉ። የመጀመሪያውም ስልክ የልጁን ጥፋት የሚዘረዝር አይሁን፤ አንድ ያያችሁበትን መልካም ነገር ተናግራችሁ ጀምሩ።

ባልደረባዎ ያለችው በቅንነት ቢሆንም የተሳሳተ ነው። በሜሪላንድ ትምህርት እስከ 18 ዓመት ግዴታ ነው፤ 21 እስኪሞላው ድረስም በነፃ የመማር መብት አለው። ወረቀት ቢኖረውም ባይኖረውም ይህ መብት አይነካም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 በቴክሳሱ የፕላይለር ጉዳይ ወስኖታል። ጂኢዲ ደግሞ አቋራጭ መንገድ አይደለም። ሒሳብ፣ ንባብና ጽሑፍ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ጥናት ያለበት ከባድ ፈተና ነው፤ ሃይስኩል ውስጥ በአስተማሪ እየታገዘ ያልገባውን ልጅ ብቻውን ቤት ቁጭ ብሎ ያልፈዋል ማለት ከንቱ ተስፋ ነው። ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚያጣው ደግሞ ክፍሉን ብቻ አይደለም። ምሳውን፣ ነርሷን፣ ካውንስለሩን፣ «ዛሬ አልመጣም» ብለው የሚያስተውሉትን እርስዎንም ያጣል። ስለ ሞት እያሰበ ላለ ልጅ ይህ አደገኛ ነው።

«ላቲኖዎች ለትምህርት ግድ የላቸውም» የሚለውም አነጋገር በመምህራን ክፍል ይሰማልና ይህን ይንገሩልኝ። በካሊፎርኒያ ዌስትሚንስተር የሜንዴዝ ቤተሰብና ሌሎች ወላጆች ልጆቻችን ለሜክሲኮዎች በተለየ ትምህርት ቤት አይማሩም ብለው ከስሰው በ1947 በይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ረቱ፤ በትምህርት ቤት የጥቁሮችን መለየት ያስቀረው የብራውን ውሳኔ ከመምጣቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ። በ1968 በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ከክፍል የወጡት የተሻለ ትምህርት ይሰጠን ብለው ነው። በ2000 ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 24 ከሆኑ ላቲኖዎች ከአራቱ ከአንድ በላይ ዲፕሎማ ሳይዙ ከትምህርት ውጪ ነበሩ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ቁጥሩ ከአሥር በመቶ በታች ወርዷል። ግድ የሌለው ሕዝብ እንዲህ አያደርግም።

ሕክምናውን በተመለከተ፣ አደጋው ተመዝኖ ልጁ ከተረጋጋ በኋላ የምመርጠው በትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰጠውን የቡድን ምክር ነው። የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች ከራንድ የጥናት ተቋምና ከዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ያዘጋጁት፣ ሁከትና አስፈሪ ነገር ላዩ ተማሪዎች የሚሰጥ አሥር የቡድን ስብሰባና ከአንድ እስከ ሦስት የግል ቀጠሮ ያለው ፕሮግራም አለ። በ2003 በወጣው ጥናት ፕሮግራሙን የተካፈሉት ተማሪዎች የፍርሃትና የድብርት ምልክታቸው ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ስደተኛ ላቲኖ ተማሪዎች ላይም ተሞክሮ ጠቅሟል። ጥቅሙ ልጁ ክሊኒክ ፍለጋ አውቶቡስ ከመቀያየር መዳኑ፣ እናቱም ከሥራ አለመቅረቷ ነው። ወሰንም አለው። ራሱን ለማጥፋት ዕቅድ ላለው ልጅ አይበቃም፤ እንቅልፍና ዕዳንም አይፈታም። መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነ የሚወስነው ሐኪም ነው፤ የድብርት መድኃኒት በወጣቶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሞትን ሐሳብ ሊያባብስ ስለሚችል ቅርብ ክትትል ይፈልጋል።

ስለ እርስዎ ድርሻ በግልጽ ልናገር። እንደ እናት መምከሩን ይተዉት፤ እናት አለችው፣ እሷን ለመተካት የሚሞክር ደግ ሰው ያንን ቤት የበለጠ ያሻክረዋል። ቤተ ክርስቲያንም አይውሰዱት። የሕዝብ ትምህርት ቤት ሠራተኛ ነዎት፤ እሱም የራሱ እምነት ይኖረዋል። አያቱ ያሳደገችው በካቶሊክ ወይም በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ከሆነ፣ እናቱ ወደዚያው ብትመልሰው ትልቅ ድጋፍ ነው። የመኖሪያ ወረቀቱን አይጠይቁት፣ ቢነግርዎትም መዝገብ ላይ አይጻፉት። ይሁን እንጂ ብቻውን የመጣና ከአባቱ የተጣለ ልጅ ዕድሜው ሳያልፍ ሊያመለክትበት የሚችል የሕግ መንገድ ሊኖር ስለሚችል፣ ካውንስለሩ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ያገናኘው። «ኖታሪዮ ነኝ» እያለ ፎርም የሚሞላ ሰው ጋር እንዳይሄድ ግን አስጠንቅቁ፤ ጠበቃ ያልሆነ ሰው የሞላው ፎርም ጉዳዩን ሊያበላሸው ይችላል። ቤት ውስጥ መደብደብ ወይም መደፈር እንዳለ ከሰሙ ሪፖርት ማድረግ በሕግ ግዴታዎ ነው፤ ምርጫ የለዎትም።

ለእርስዎ የቀረው ሥራ ትንሽ ቢመስልም ማንም የማይተካው ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ስሙን በትክክል ጠርተው ሰላም ይበሉት። የቀረ ቀን ሲመለስ «የት ነበርክ?» ከማለት «እንኳን መጣህ» ይበሉት። የሚጽፈውን በስፓኒሽ መጻፍ ከቻለ ይጻፍ፤ ሥራውም በአንድ የክፍል ጊዜ የሚያልቅ ትንሽ ይሁን፣ የጨረሰው ነገር እንዲኖረው።

የምመክረው እንዲህ ነው። የልጁ ስም ከመዝገብ አይውጣ። ዛሬ አደጋው ይመዘን። በሚቀጥሉት አምስት የትምህርት ቀናት ውስጥ ካውንስለሩ፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ፣ ነርሷና እርስዎ ያላችሁበት፣ እናቱ ካልቻለች በስልክ የምትገባበት፣ አስተርጓሚው በትክክለኛው ቋንቋ የተያዘበት አንድ ስብሰባ ይጠራ። የማም አስተርጓሚ ለማግኘት ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ጥያቄው ነገ ጠዋት ይግባ። በስብሰባው ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይወሰን፦ የሌሊት ሥራው ወደ ስንት ቀን እንደሚወርድ፣ የምክሩ የመጀመሪያ ቀጠሮ መቼና የት እንደሆነ፣ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሊቀየርለት ይችል እንደሆነ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የመገኘቱን መዝገብና እንቅልፉን አይታችሁ ተነጋገሩ። በሳምንት አንድ ቀን ተጨማሪ ከመጣ ዕቅዱ እየሠራ ነው። ካልመጣ የማታ ክፍል ወይም ለአዲስ መጤዎች የተዘጋጀ ፕሮግራም ይፈለግለት፤ እዚያው በትምህርት ሥርዓቱ ውስጥ ሆኖ፣ እስከ 21 ዓመቱ ጊዜ አለው።